በሌሉበት መሥራት፤ የማስተላለፊያ መስመርና የቅርብነት ጥያቄ

አንድ ነገር በሌለበት ቦታ ሊሠራ ይችላልን? ይህ ከፍልስፍና ጥንታዊ ጥያቄዎች አንዱ ነው። አርስጣጣሊስ «ፊዚካ» በተባለው ሥራው ሰባተኛ መጽሐፍ ውስጥ አንቀሳቃሹና ተንቀሳቃሹ መነካካት እንዳለባቸው፣ በመካከላቸውም ክፍተት ሊኖር እንደማይገባ ጽፏል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ መርሕ ወደ ነገረ መለኮት አሻግሮ፣ ለፍጥረት ሁሉ ህልውናን የሚሰጥ ፈጣሪ ከሆነና ሠሪም ከሚሠራበት ነገር ጋር መገናኘት ካለበት፣ ፈጣሪ በነገሮች ሁሉ ውስጥ ሊገኝ ግድ ነው ሲል ተከራከረ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔርን «ምሉዕ በኩለሄ» ስትል የምታስተምረውን፣ አኩዊናስ በአርስጣጣሊስ መንገድ ሄዶ ደረሰበት ማለት ይቻላል። ጥያቄው ለመለኮት በዚህ መልክ ቢፈታም ለፍጡር ግን እንደተቋጠረ ቆየ፤ ፍጡር በሁሉ ቦታ የለምና፣ ከራሱ ርቆ ሲሠራ በታየ ቁጥር ሥራውን ከዚህ ወደዚያ ያደረሰው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ኒውተን የስበትን ሕግ ካሳተመ በኋላ ነገሩ እንደገና ተቀሰቀሰ። ሕጉ ፀሐይ ምድርን በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ምን ያህል እንደምትስብ አስልቶ ያሳያል፤ ስበቱን በመካከል ስለሚያደርሰው ነገር ግን ዝም ይላል። ኒውተን ራሱ በ1693 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሪቻርድ ቤንትሊ በላከው ደብዳቤ፣ ግዑዝ ነገር ያለ አንዳች አገናኝ ባዶውን ተሻግሮ ሌላውን ይስባል የሚለውን ሐሳብ፣ በፍልስፍና ነገር የማሰብ ችሎታ ያለው ሰው ሊቀበለው የማይችል ከንቱ ነገር አድርጎ ቆጥሮታል፤ አገናኙ ቁሳዊ ይሁን ወይም ሌላ ግን ለአንባቢዎቹ ፍርድ ተወው። ላይብኒዝ ደግሞ በ1715 እና በ1716 ከኒውተን ወዳጅ ከሳሙኤል ክላርክ ጋር በተጻጻፈው ክርክር፣ አገናኝ የሌለው ስበት የዘወትር ተአምር እንጂ የተፈጥሮ ሥርዓት ሊባል አይችልም ሲል ነቀፈ። ሁለቱም ወገኖች በፈጣሪ የሚያምኑ ስለነበሩ የተለያዩበት ነጥብ ጠባብና የጠራ ነበር፤ ይኸውም በተፈጠረው ዓለም ርቀትን ለመሻገር የሚከፈል ዋጋ አለ ወይስ የለም የሚል ነው።

የኤሌክትሪክ ዑደት፣ ማለትም ጅረት ከምንጭ ተነሥቶ ዞሮ የሚመለስበት ሽቦና ዕቃ፣ መጀመሪያ የተጠናው ዋጋ እንደሌለ ተደርጎ ነበር። ጉስታቭ ኪርክሆፍ በ1845 ባወጣቸው ሕጎች ውስጥ የሽቦው ርዝመት ቦታ የለውም፤ በአንደኛው ጫፍ ያለው ጅረት በዚያው ቅጽበት በሌላውም ጫፍ አለ፣ አምፖሉ ከባትሪው አንድ ሜትር ይራቅ ወይም አንድ ሺህ ሜትር ሒሳቡ አይለወጥም። ይህ አሳሳች ቢሆንም ለአብዛኛው ሥራ የማይጎዳ ግምት ነው። በኢትዮጵያ እንደሚሠራበት ያለ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ የሞገዱ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የአንድ ቤት ሽቦ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነጥብ ነው። ድግግሞሹ ወደ አንድ ቢሊዮን ኸርዝ፣ ማለትም ወደ አንድ ጊጋኸርዝ ሲወጣ ግን የሞገዱ ርዝመት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በ10 ጊጋኸርዝ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በመዳፍ ላይ በምትቀመጥ ሰሌዳ ላይ እንኳ የአንዱ ሽቦ ወዲህኛው ጫፍ ከፍ ሲል ወዲያኛው ዝቅ ሊል ይችላል፤ «የሽቦው ቮልቴጅ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅም የትኛውን ነጥብ፣ በየትኛው ቅጽበት የሚል ጥያቄ እስኪጨመርበት ድረስ ትርጉም የለውም። ማይክሮዌቭ የሚባለው በ300 ሜጋኸርዝና በ300 ጊጋኸርዝ መካከል ያለው ክልል ነው። የዚህ ክልል ምሕንድስና ራሱን የቻለ ትምህርት የሆነበት ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ በዚህ ክልል «እዚህ»ና «እዚያ»፣ «አሁን»ና «ቆይቶ» ተለይተው መቆጠር አለባቸው።

ነገሩን ለማየት አንድ ተራ ሙከራ ይበቃል። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው ኮአክሲያል ኬብል ይወሰድ፤ ይህ በመካከሉ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው የፕላስቲክ መከላከያ፣ ከዚያም ውጭ የተጠለፈ የመዳብ ሽፋን ያለው፣ ለአንቴናና ለመለኪያ መሣሪያ የሚያገለግል ኬብል ነው። የኬብሉ ወዲያኛ ጫፍ ምንም ሳይታሰርበት ክፍት ይተው፤ ወዲህኛው ጫፍ ደግሞ የ50 ኦም ውስጣዊ መከላከል ካለው የ10 ቮልት ምንጭ ጋር ይገናኝ። በኪርክሆፍ ሕግ መሠረት ዑደቱ አልተዘጋምና ምንም ጅረት አይፈስም። ፈጣን መለኪያ ግን ሌላ ይናገራል፤ ምንጩ በተገናኘበት ቅጽበት 5 ቮልትና 0.1 አምፔር ወደ ኬብሉ ይገባሉ፤ ይህም ለ100 ናኖሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ፣ ሳይለወጥ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በድንገት ቮልቴጁ 10 ይሆናል፣ ጅረቱም ይጠፋል። የጊዜው ሒሳብ ቀላል ነው፤ በፖሊኢትሊን በተሞላ ኬብል ውስጥ ሞገዱ የሚጓዘው ከብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ አሥሩን ሜትር ለመሄድ 50፣ ለመመለስም 50 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል።

ምንጩ በእነዚያ 100 ናኖሰከንዶች ውስጥ 0.1 አምፔር የሰጠው ለማን ነው? ጫፉ ላይ ላለው ነገር አይደለም፤ ጫፉ ገና አልተደረሰበትም። የሰጠው አጠገቡ ላለው የኬብል ክፍል ነው። እያንዳንዱ የኬብል ቁራሽ ጥቂት ኢንደክታንስ፣ ማለትም ጅረት ሲለወጥ የሚቃወም መግነጢሳዊ ባሕርይ አለው፤ ጥቂት ካፓሲታንስም፣ ማለትም ቮልቴጅን ተቀብሎ ኤሌክትሪካዊ ሙላት የሚያከማች ባሕርይ አለው። የሁለቱ ውድር ስኩዌር ሩት የኬብሉን ባሕርያዊ ኢምፔዳንስ ይሰጣል፤ በዚህ ምሳሌ 50 ኦም ነው። ይህ ቁጥር ኬብሉ አንድ ሜትር ቢሆንም አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆንም አይለወጥም፤ ቁጥሩ ኬብሉ ለሚነካው ጎረቤት የሚያሳየውን ፊት ብቻ ይገልጻልና። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለመሥራት ተሰልፈው ድንጋይ የሚቀባበሉ ሰዎች ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ከድንጋይ ክምሩ አጠገብ የቆመው ሰው የሥራ ፍጥነት የሚወሰነው ከፊቱ ባለው ሰው እጅ ነው፤ ግንበኛው መቀበል ማቆሙን የሚያውቀውም ድንጋዩ እየተጠራቀመ ወደ እርሱ ሲመለስ ነው። በኬብሉም ክፍት ጫፉ የደረሰበትን የ5 ቮልት ሞገድ የሚያሳልፍበት ስለሌለው መልሶ ይልከዋል፤ ሂያጁና ተመላሹ ተደምረው 10 ቮልት ይሆናሉ፣ የሁለቱ ጅረት ግን ተቃራኒ አቅጣጫ ስላለው ይጠፋፋል። ጫፉ በአጭር ሽቦ ተገናኝቶ ቢሆን ኖሮ ተመላሹ ሞገድ ተገልብጦ ይመጣ፣ ቮልቴጁ ዜሮ፣ ጅረቱም እጥፍ፣ 0.2 አምፔር ይሆን ነበር።

እንግዲህ የኪርክሆፍና የኦም ሕግ የሚናገሩት «አሁን» በእርግጥ ያለፈ ነገር ድምር ነው። ምንጩና ሸክሙ፣ ማለትም ጉልበቱን የሚጠቀምበት ዕቃ፣ በኬብሉ ላይ ብዙ ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ የረጋው ስምምነት በኋላ እንደ አንድ ቅጽበታዊ ሕግ ይነበባል። የአርስጣጣሊስ ጥያቄ በዚህ መስክ ያገኘው መልስ ከዚህ ይበልጥ ሊገለጥ አይችልም፤ ሁሉም የሚሠራው በሚነካው ላይ ብቻ ነው፣ ከሩቅ የሚሠራ መስሎ የሚታየውም የጎረቤቶች ሥራ ተያይዞ ያስገኘው ውጤት ነው።

ወደዚህ መልስ የተደረሰው ግን በቀና መንገድ አልነበረም፤ ከመንገዱ አንዱ መታጠፊያ ለፈላስፋም ለመሐንዲስም ሊጤን የሚገባው ነው። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ በባሕር ስር የሚዘረጋን የቴሌግራፍ ኬብል ሲያጠና፣ ሙቀት በብረት ውስጥ የሚሰራጭበትን የሒሳብ ሊቁን የፉርየን ስሌት ለኤሌክትሪክ ተጠቀመበት፤ የኬብሉን መከላከልና ካፓሲታንስ ቆጠረ፣ ኢንደክታንሱን ግን ተወው። ስሌቱ ለተግባር ብርቱ ነበር፤ የመልእክቱ መዘግየት ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ፣ ስለዚህም እጥፍ የረዘመ ኬብል አራት እጥፍ እንደሚዘገይ አስታወቀ። በ1858 አየርላንድን ከኒውፋውንድላንድ ጋር ባገናኘው የመጀመሪያው የአትላንቲክ ኬብል ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችው የ98 ቃላት መልእክት 16 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ የኩባንያው የኤሌክትሪክ ሹም የነበረው ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ በሙያው ሐኪም የነበረና የቶምሰንን ሕግ የማይቀበል ሰው፣ መዘግየቱን በቮልቴጅ ብዛት ለማሸነፍ ሞክሮ፣ ቀድሞም ደካማ የነበረውን ኬብል ወር ሳይሞላው ለመጥፋት አበቃው። ይሁን እንጂ የቶምሰን ስሌት በጥብቅ ከተወሰደ አንድ እንግዳ ነገር ይናገራል፤ በአንደኛው ጫፍ የተነካ ኬብል በሌላው ጫፍ በዚያው ቅጽበት፣ እጅግ ጥቂትም ቢሆን፣ ይነካል። በሙቀት ስርጭት ስሌት ውስጥ ድንበር የሚሆን ፍጥነት የለምና። ኢንደክታንስን መተው የቁጥር ስሕተት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተተወችው ጥቂት ነገር በሌሉበት መሥራትን በጓሮ በር መልሳ አስገብታለች።

ኦሊቨር ሄቪሳይድ ያን ቀዳዳ ደፈነ። ሄቪሳይድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረ፣ የመስማት ችግር የነበረበትና መደበኛ ትምህርቱን በ16 ዓመቱ ያቆመ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የጄምስ ክላርክ ማክስዌልን መጽሐፍ በራሱ ተምሮ በ1880ዎቹ ኢንደክታንስንና የመከላከያውን ፍሳሽ የጨመረ ሙሉ ስሌት አወጣ። በዚህ ስሌት የሞገዱ ግንባር የተወሰነ ፍጥነት አለው፤ ከእርሱ ፊት ያለው የኬብል ክፍል ፍጹም ያልተነካ ነው። ከዚህም ተነሥቶ፣ የመከላከልና የኢንደክታንስ ውድር ከፍሳሹና ከካፓሲታንሱ ውድር ጋር ሲተካከል ሞገዱ እየደከመ ቢሄድም ቅርጹ እንደማይበላሽ፣ ስለዚህም በረጅም የስልክ መስመር ላይ ኢንደክታንስ ሆን ተብሎ ሊጨመር እንደሚገባ አመለከተ። የብሪታንያ ፖስታ ቤት የቴሌግራፍ ሹም ዊልያም ፕሪስ ኢንደክታንስ ጠላት ነው የሚል እምነት ስለነበረው በ1887 ጽሑፉ እንዳይታተም ከለከለ፤ በሐሳቡ የተጠቀሙበት ከ1900 ገደማ ጀምሮ አሜሪካውያን ሆኑ። አንድ ነገር ግን ለእውነት ሲባል መጠቀስ አለበት። ኪርክሆፍ ራሱ በ1857፣ በሌሉበት መሥራትን ከሚቀበለው ከዊልሄልም ቬበር ሕግ ተነሥቶ፣ መከላከል በሌለው ሽቦ ላይ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ አስልቶ ነበር። ትክክለኛ ቁጥር ማግኘትና ትክክለኛውን ፍልስፍና መያዝ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ስሌት ብቻውን ክርክሩን ይቋጫል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ማሳሰቢያ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ ሥራው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ከሆነ ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው የሚለው ነው። ሽቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች መልእክተኛ ሊሆኑ አይችሉም፤ አንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ አንድ አምፔር ሲፈስ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የሚያዘግሙት በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ በ1884፣ ሄቪሳይድም በዚያው ወቅት በራሱ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚጓዘው በብረቱ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ኤሌክትሪካዊና መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ እንደሆነ አሳዩ፤ መስክ ማለት በየነጥቡ ኃይል የማሳደር ዝንባሌ ያደረበት የቦታ ሁኔታ ነው። በኮአክሲያል ኬብል ጉልበቱ ያለው በመካከለኛው ሽቦና በሽፋኑ መካከል ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ መዳቡ መሪ እንጂ ተሸካሚ አይደለም። ሎርድ ሬይሊ በ1897 መካከለኛው ሽቦ ፈጽሞ በሌለበት ባዶ ቱቦ ውስጥም ሞገድ ሊጓዝ እንደሚችል አሰላ፤ በ1936 ጆርጅ ሳውዝዎርዝና ዊልመር ባሮው፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ በተግባር አሳዩት። ሞገድ መሪ የሚባለው ይህ ባዶ የብረት ቱቦ በሌሎቹ ሽቦዎች ላይ የሚነሣውን ጥርጣሬ ያስቀራል፤ ሄዶ መመለሻ ሁለት ሽቦ የለውም፣ ነገር ግን መልእክት ያደርሳል።

የዚህ ቱቦ ሌላ ባሕርይ አንዳንዶችን ያደናግራል። 22.86 በ10.16 ሚሊ ሜትር በሆነው የተለመደ ሞገድ መሪ ውስጥ በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ጫፎች የሚታዩበት ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት በ32 በመቶ ያህል ይበልጣል። ይህ ግን የንድፍ ፍጥነት ነው፤ ጉልበቱና መልእክቱ የሚሄዱት በብርሃን ፍጥነት 75 በመቶ ያህል ነው፤ ከ6.56 ጊጋኸርዝ በታች ደግሞ ቱቦው ምንም አያሳልፍም። ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያለው ተቃውሞ የኳንተም ፊዚክስ ጥንዶች፣ ማለትም ተራርቀውም ሁኔታቸው የተሳሰረ ቅንጣቶች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ለተደረጉ ሙከራዎች በ2022 የኖቤል ሽልማት የተሰጠ ሲሆን፣ የተራራቁ ነገሮች ውጤት በጎረቤት ቅብብል ብቻ ሊተረጎም በማይችል መልክ ይስማማል። ይሁንና በዚያም ስምምነት መልእክት መላክ አይቻልም። ስለዚህ በመገናኛ ረገድ የአርስጣጣሊስ መርሕ እስካሁን አልተነቀነቀም።

ከዚህ መርሕ የሚወጣው ግን ለዕውቀት ከባድ ነው። በኬብሉ ጫፍ ላይ በትክክል 50 ኦም የሆነ ሬዚስተር ቢታሰር ምን ይሆናል? የደረሰው ሞገድ በሙሉ ይዋጣል፤ ምንም አይመለስም። ምንጩም ለዘላለም 5 ቮልትና 0.1 አምፔር ያያል፤ ይህም ኬብሉ መጨረሻ የሌለው ቢሆን ኖሮ ከሚያየው ጋር አንድ ነው። መሐንዲሶች ይህን ሁኔታ ማጣጣም ይሉታል፤ ጉልበት ሳይባክን ወደ አንቴና እንዲደርስ የሚደክሙትም ለዚሁ ነው። ፊሊፕ ስሚዝ በ1939 ያሳተመው ክብ ሰንጠረዥ፣ ማንኛውም ሸክም የሚመልሰው ነጸብራቅ በክቡ ውስጥ አንድ ነጥብ ሆኖ የሚነበብበት፣ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ፍጹም የተጣጣመው ሸክም መካከለኛዋ ነጥብ ናት፤ ማለቂያ የሌለው ኬብልም የሚያርፈው በዚያችው ነጥብ ላይ ነው። የኬብል ብልሽት የሚፈልጉ ሠራተኞች መሣሪያ አጭር ምት ልኮ የሚመለሰውን በመጠባበቅ የተቆረጠውን ወይም ውሃ የገባበትን ቦታ በሜትር ይነግራል፤ ደኅና የሆነውን ክፍል ግን ሊያየው አይችልም። በጎረቤቱ በኩል ብቻ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው የሚመልስለትን ነው፤ የሚስማማውን ከወሰን አልባው አይለየውም። በነገረ መለኮት ስለ ወሰን አልባው በአዎንታ መናገር አይቻልም፣ ያልሆነውን በመናገር ብቻ ይቀረባል የሚል አንድ የቆየ ወገን አለ፤ እዚህ ላይ የተገኘው ችግር ከዚያ ጋር ባይገናኝም ቅርጹ ግን ሳይመሳሰል አልቀረም።

ለዚህ ችግር መውጫ የሚመስል ነገር በ1928 ታተመ። በቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ ጆን ጆንሰን ማንኛውም ሬዚስተር ከሙቀቱ የተነሣ ጥቂት የኤሌክትሪክ ጫጫታ እንደሚያወጣ ለካ፤ ባልደረባው ሃሪ ናይኲስት ደግሞ ምክንያቱን አስረዳ። የናይኲስት ማስረጃ ራሱ በማስተላለፊያ መስመር፣ ማለትም ከላይ እንደታየው ባለ ሞገድ አስተላላፊ ኬብል፣ የተሠራ ነው፤ በእኩል ሙቀት ያሉ ሁለት ሬዚስተሮች ጉልበት በማያባክንና ከሁለቱም ጋር በተጣጣመ መስመር ተገናኝተው ይታሰባሉ፣ እያንዳንዱም የላከውን ያህል ካልተቀበለ አንዱ ያለ ምክንያት ሊሞቅ ነው፤ ስለዚህ በመስመሩ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄደው ጫጫታ በሙቀታቸው ብቻ ይወሰናል። ይህም ማለት የተጣጣመው ሬዚስተር ምቱን ቢውጥም ፍጹም ዝም አይልም፤ ሙቀቱን ይናገራል። ሮበርት ዲኪ በ1946 ይህን ወደ መለኪያ ለወጠው፤ አንቴና ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ተቀባዩ የሚሰማው ጫጫታ፣ በአንቴናው ፈንታ የዚያ አቅጣጫ ሙቀት ያለው ሬዚስተር ቢታሰርለት ከሚሰማው ጋር እኩል ነው።

የዚህ ዓይነቱ መለኪያ ዝነኛ ምሳሌ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በሆልምዴል ታየ። በዚያ የነበረው የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና ለሳተላይት መገናኛ የተሠራ ሲሆን፣ በቅርጹ ሞገድ መሪ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ ወደ ሰማይ የተከፈተ ቱቦ ነው። የሚሄደው ሞገድ እንዳይመለስ ሆኖ ስለተሠራ ሰማዩ የተጣጣመ ሸክሙ ነው ሊባል ይችላል። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1964 በ4,080 ሜጋኸርዝ ሲለኩ፣ በፈሳሽ ሂሊየም ከቀዘቀዘ ማነጻጸሪያ ሸክም ጋር እያስተያዩ፣ ሊያስረዱት የማይችሉት ትርፍ ጫጫታ አገኙ። የአንቴናውን መጋጠሚያዎች በአልሙኒየም ለበጡ፣ በውስጡ የሰፈሩትን ርግቦች አስወጥተው ኩሳቸውን ጠረጉ፤ ትርፉ ግን በየትኛውም አቅጣጫ በየትኛውም ወቅት አልጠፋም። በ1965 ያሳተሙት ቁጥር 3.5 ኬልቪን ነበር፣ የስሕተቱም ወሰን አንድ ኬልቪን፤ በ1989 የተመጠቀችው ኮቤ ሳተላይት ወደ 2.725 አጠራችው። ይህ ጫጫታ ዓለም ገና ትኩስ ሳለ የተለቀቀ ብርሃን ቅሪት እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል።

የኬብሉን ጥያቄ ግን ይህም አልፈታውም። በሙቀት ጫጫታ የተሞላ መጨረሻ የሌለው መስመርና በዚያው ሙቀት ያለ ሬዚስተር ለምንጩ የሚልኩት አንድ ዓይነት ነው፤ የናይኲስት ሒሳብ ልዩነት አያደርግላቸውም። ከሆልምዴል የተገኘው ቁጥር ሰማዩ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይናገራል፤ ወሰን ይኑረው አይኑረው ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።